ዋስህን ጥራ!

በስደት አገር በምንኖር ወገኖች መካከል ሳይለወጥ የሚመላለስ አንድ ጥያቄ አለ። «ይህ ድረ ገጽ ይታመናል ወይ?» ይላል ጠያቂው። አንዱ ገጽ የአውሮፕላን ቲኬት በግማሽ ዋጋ ይሸጣል፤ ሌላው የካናዳ ሥራ ከነቪዛው አለኝ ይላል፤ ሦስተኛው ዶላር ተቀብሎ አዲስ አበባ ላይ ብር በጥሩ ምንዛሬ አደርሳለሁ ይላል፤ አራተኛው ዲቪ እሞላለሁ ይላል። መልሶቹም እንደ ጥያቄው ሳይለወጡ ይመላለሳሉ። «የቁልፍ ምልክት አለው፣ ችግር የለውም።» «መመርመሪያ ላይ አስገብቼው ጥሩ ነጥብ አግኝቷል።» «የአክስቴ ልጅ ተጠቅማበታለች።» «እገሌ በዩቲዩብ አስተዋውቆታል፤ እሱ ደግሞ አይዋሽም።» በመጨረሻም አንድ ጥበበኛ ብቅ ይልና «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብሎ ይሄዳል።

እነዚህ መልሶች ሁሉ ከንቱ ናቸው። ከንቱ የሆኑት ደግሞ ጥያቄው ራሱ የተጣመመ ስለሆነ ነው። ድረ ገጽ አይታመንም፣ አይከዳምም። ድረ ገጽ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው፤ ቃሉን የሚጠብቀውም የሚያፈርሰውም ወረቀቱን የለጠፈው ሰው ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ገጹ ምን ይመስላል?» ሳይሆን «ገንዘቤ ቢጠፋ ማን ይከፍለኛል? ማንንስ የት እከሳለሁ?» የሚለው ነው። አያቶቻችን ይህን ረጅም ጥያቄ በአንድ ቃል ያሳጥሩት ነበር፦ ዋስ።

ቁልፉ የሚቆልፈው ምኑን ነው?

ከቁልፉ እንጀምር። ከአድራሻው ጎን ትንሽ የቁልፍ ሥዕል ካያችሁ አትፍሩ ተብለን ለዓመታት ተምረናል። ቁልፉ የሚናገረው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከስልካችሁ እስከዚያ ድረ ገጽ የሚጓዘውን መረጃ መንገድ ላይ ሌላ ሰው ሊያነበው አይችልም። በወዲያኛው ጫፍ የተቀመጠው ተቀባይ ደግ ይሁን ቀማኛ አይናገርም። ደብዳቤያችሁ በታሸገ ፖስታ ሌባው እጅ እንደሚደርስ ያረጋግጥላችኋል ማለት ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ለትርፍ ያልቆመ አገልግሎት ከእ.ኤ.አ. 2015 መጨረሻ ጀምሮ ይህን ማሸጊያ ለጠየቀው ሁሉ በነጻ ያድላል። ለኢንተርኔት ትልቅ ውለታ ነው፤ ከተሰለፉት ጠያቂዎች መካከል ግን አጭበርባሪውም አለበት። የአሜሪካው ኤፍቢአይ በ2019 ሕዝቡ በቁልፉ እንዳይታለል አስጠነቀቀ። ጉግል ደግሞ በ2023 ክሮም ከተባለው ብሮውዘሩ ላይ የቁልፉን ሥዕል ጭራሽ አነሳው፤ ምክንያቱን ሲያስረዳም ሰዎች ሥዕሉን የታማኝነት ማኅተም አድርገው ስለሚወስዱት ነው አለ። ምልክቱን ያስለመዱን ሰዎች ራሳቸው ትተውታል። እኛ ግን አሁንም እርስ በርሳችን እናስተምረዋለን።

ሁለተኛው ምክር «የፊደል ግድፈት ፈልጉ» የሚለው ነው። ይህ ድሮ ይሠራ ነበር። ዛሬ ማሽን በአንድ ደቂቃ የተስተካከለ እንግሊዝኛ፣ እየተሻሻለም የሚሄድ አማርኛ በሚጽፍበት ዘመን፣ አጭበርባሪው ከሐቀኛው ነጋዴ የተሻለ ቢጽፍ አይግረማችሁ። እንዲያውም በስደት አገር ክሊኒኮችና መሥሪያ ቤቶች «ለአማርኛ ተናጋሪዎች» ብለው የሚያድሏቸውን ወረቀቶች ያነበበ ሰው፣ የተበላሸ አማርኛ የሌባ ምልክት ቢሆን ኖሮ ግማሹ የከተማ አስተዳደር ወኅኒ በወረደ ነበር ይላል። ባንዲራ፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጥለት፣ የላሊበላ ፎቶግራፍ፣ የጀበና ሥዕልም እንዲሁ ምንም አያረጋግጡም። ፎቶግራፍ ለመገልበጥ ሐበሻ መሆን አያስፈልግም፤ ሐበሻ መሆንም ሐቀኝነትን አያረጋግጥም።

ሌባ ሻይ በስልካችን

ሦስተኛው ምክር ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ሳይንስ ይመስላል። የድረ ገጽ አድራሻ ስታስገቡላቸው ከመቶ ነጥብ የሚሰጡ፣ አረንጓዴ ወይም ቀይ የሚያበሩ መመርመሪያዎች አሉ። በጥቅሉ የሚያዩት ዶሜይኑ መቼ እንደተመዘገበ፣ ባለቤቱ ስሙን መደበቁን፣ ማስቀመጫው ኮምፒውተር በየት አገር እንዳለ፣ ጎረቤቶቹ እነማን እንደሆኑ፣ ሰዎች ምን አስተያየት እንደጻፉበት ነው። እነዚህ ፍንጮች ናቸው፤ ፍንጭነታቸውን አልክድም። ፍርድ ግን አይደሉም። ትናንት ሱቅ የከፈተች፣ ቤቷ ሆና በርበሬና ሽሮ የምትሸጥ ሐቀኛ ሴት በዚህ መመዘኛ ዝቅተኛ ነጥብ ልታገኝ ትችላለች፤ ገጿ አዲስ ነው፣ የቤት አድራሻዋንም ደብቃለች። ባለቤቱ የጣለውን የአሥር ዓመት ዶሜይን በጥቂት ዶላር የገዛ ወሮበላ ደግሞ አንጋፋ መስሎ ያልፋል። የደንበኞች ኮከብማ ይሸጣል፣ ይገዛል፤ ገበያው ስለደራ ነው የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2024 የሐሰት አስተያየት መሸጥንና መግዛትን የሚከለክል ደንብ ለማውጣት የተገደደው።

በአገራችን እስከ ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ሌባ ሻይ የሚባል ሥርዓት ነበር። ስርቆት ሲፈጸም ለአንድ ብላቴና የሚያደነዝዝ መድኃኒት ያጠጡታል፤ ወገቡን በመቀነት አስረው ይከተሉታል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል፤ ዕዳውንም ይከፍላል። ዛሬ ይህን ስንሰማ እንስቃለን። ነገር ግን እንዴት እንደሠራ ያልገባንን ማሽን አድራሻ አጉርሰነው፣ አረንጓዴው ላይ ሲወድቅ «እሺ፣ ካርዴን ልስጥ» የምንል ሰዎች በማን ላይ ነው የምንስቀው? ሌባ ሻይን ክፉ ያደረገው መሳሳቱ ብቻ አልነበረም። መንደሩን ከመመርመር ማሳረፉ ነበር። ብላቴናው ከወደቀ በኋላ ማንም አይጠይቅም። ነጥብ ሰጪውም የሚያደርገን ይህንኑ ነው፤ መጠየቅ ከሚገባን ሰዓት ላይ ያሳርፈናል።

ዕቁብ ላይ የማንረሳው ነገር

አንድ እውነተኛ ዕቁብ አስቡ። ዳኛ አለው፤ ጸሐፊ አለው፤ አባላቱ ይተዋወቃሉ። እንዲህም ሆኖ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን አፍሶ አይሄድም። «ዋስ ጥራ» ይባላል። ቀሪውን ባይከፍል የሚከፍልለት፣ ስሙና ቤቱ የታወቀ ሰው ያቀርባል። ማንም በዚህ አይቀየምም። «አታምኑኝም ወይ?» ብሎ የሚቆጣ ቢኖር የሚጠረጠረው እሱ ነው። ዋስ የሚጠየቀው ሰውየው ሌባ ስለሆነ አይደለም፤ ሰው መልኩ ስለማይነበብ ነው።

ታዲያ ዕቁብ ላይ የሃያ ዓመት ጎረቤታችንን ዋስ የምንጠይቅ ሰዎች፣ ስሙን የማናውቀው ድረ ገጽ ላይ ስንደርስ ይህ ሁሉ ጥበብ የት ይገባል? የትም አልጠፋም። በአዲሱ ቦታ እንዴት እንደሚሠራበት የነገረን ስለሌለ ነው። የሚከተለው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ስሙን ከነአባቱ ጠይቁ። የድረ ገጽ አድራሻ ልክ እንደ እኛ ስም ነው የሚነበበው፦ ልጅ፣ አባት፣ አያት። የዲቪ ምዝገባ ሲካሄድ የኖረበት ትክክለኛ አድራሻ «ዲቪፕሮግራም ነጥብ ስቴት ነጥብ ጎቭ» ነው። ዲቪፕሮግራም ልጁ፣ ስቴት አባቱ፣ ጎቭ አያቱ። «ጎቭ» የሚለውን አያት የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ካልሆኑ በቀር ማንም ሊይዘው አይችልም። አጭበርባሪው ልጁን የፈለገውን ስም ሊያወጣለት ይችላል፤ «ስቴት ጎቭ ዲቪ» ብሎ ሊጠራውም ይችላል። የማይችለው አያቱን መለወጥ ነው። ስለዚህ ዓይናችሁን ከመጀመሪያዋ እዝባር በፊት ባለው የመጨረሻ ስም ላይ አድርጉ። የኢትዮጵያ የኢንተርኔት ቪዛም እንዲሁ ነው፤ ትክክለኛው «ኢቪዛ ነጥብ ጎቭ ነጥብ ኢቲ» ሲሆን፣ አስመሳዮቹ ስሙን አስረዝመው፣ በመጨረሻ ግን «ኮም» ወይም «ኦርግ» የሚል አያት ይዘው ይመጣሉ። ኮምንም ኦርግንም ማንም ሰው በጥቂት ዶላር ይገዛዋል።

እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ተንኮል አለ። እኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ የሚባሉ፣ ድምፃቸው አንድ ሆኖ መልካቸው የተለያየ ፊደላት አሉን። በኢንተርኔት ደግሞ ተቃራኒው አለ፦ መልካቸው አንድ ሆኖ ማንነታቸው የተለያየ ፊደላት። አንዳንድ የሩሲያ ፊደላት ከላቲኖቹ ጋር በዓይን አይለዩም። በ2017 አንድ የደኅንነት ተመራማሪ የአፕልን ስም በእነዚህ ፊደላት ብቻ ጽፎ አድራሻ አስመዘገበ፤ አንዳንድ ብሮውዘሮችም ከእውነተኛው ሳይለዩ አሳዩት። ብሮውዘሮቹ ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል፤ ትምህርቱ ግን ይቀራል። የተላከላችሁን ሊንክ አትንኩ፤ አድራሻውን ራሳችሁ ጻፉት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ?

ቀጥሎ ገንዘቡ በየትኛው በር እንደሚወጣ ጠይቁ። እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ እንድጠይቅ ቢፈቀድልኝ የምጠይቀው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ዋሱ ያለው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974፣ እኛ አብዮት ላይ በነበርንበት ዓመት፣ እንግሊዝና አሜሪካ እያንዳንዳቸው አንድ ሕግ አወጡ። የእንግሊዙ የሸማቾች ብድር ሕግ፣ ዋጋው ከ100 እስከ 30,000 ፓውንድ የሆነ ዕቃ በክሬዲት ካርድ ገዝታችሁ ሻጩ ቢክዳችሁ፣ የካርዱ ድርጅት ከሻጩ ጋር እኩል ተጠያቂ ነው ይላል። የአሜሪካው ደግሞ ያልደረሰ ዕቃ ሒሳብ ላይ ቢያዝባችሁ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ልትቃወሙ ትችላላችሁ ይላል። ይህ ዋስ ነው፤ ሕግ የጠራላችሁ፣ ጥሪት ያለው ዋስ። በእንግሊዝ ከጥቅምት 2024 ወዲህ በአገር ውስጥ የባንክ ዝውውር የተጭበረበረ ሰው እንኳ እስከ 85,000 ፓውንድ ከባንኮች የሚካስበት ደንብ አለ።

አሁን ሌሎቹን በሮች ተመልከቱ። ጊፍት ካርድ፣ ክሪፕቶ፣ ዜል፣ ዌስተርን ዩኒየን፣ በግለሰብ ስም የተከፈተ ሒሳብ። እነዚህ ዋስ የሌላቸው በሮች ናቸው፤ ለዘመድ ለመላክ ደግ ናቸው፣ ለማይታወቅ ሻጭ ግን ገንዘብን ገደል ከመወርወር አይለዩም። ገጹ ያማረ፣ ስሙ የጠራ፣ ነጥቡ ዘጠና ዘጠኝ ሊሆን ይችላል። «ካርድ አንቀበልም፣ በዜል ላኩ» ካለ፣ ዋስ አልጠራም ማለት ነው። ዋስ ያልጠራ ደግሞ ዕጣ አይወስድም። በቃ።

«የተመዘገበ ድርጅት ነው»

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ አንባቢ ይነሳና «ታዲያ ድርጅቱ በመንግሥት ዘንድ የተመዘገበ ከሆነ አይበቃም?» ይላል። አይበቃም። ምዝገባ ስም ነው እንጂ ዋስ አይደለም። በእንግሊዝ የድርጅቶች መዝገብም ሆነ በአሜሪካ በየግዛቱ ኩባንያ ማስመዝገብ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። መዝገቡን ማየት ግዴታ ነው፤ ስሙ ከሌለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ስሙ ካለ ግን ምርመራው ተጀመረ እንጂ አላለቀም። የሚቀጥለው ጥያቄ ፈቃድ ነው፦ ገንዘብ አስተላላፊ ከሆነ ያለበት ግዛት የማስተላለፍ ፈቃድ ሰጥቶታል ወይ? በእንግሊዝ ከሆነ በፋይናንስ ተቆጣጣሪው መዝገብ ላይ አለ ወይ? ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ «ከባንክ የተሻለ እንሰጣለን» የሚሉ ገጾች በዝተዋል። የተሻለ ዋጋ ወንጀል አይደለም። ፈቃዱን ሲጠየቅ ምንዛሬውን የሚያወራ ግን መልሱን ሰጥቷል።

ምዝገባ ብቻውን ከንቱ መሆኑን ቴሌክስፍሪ አስተምሯል። በማሳቹሴትስ ግዛት የተመዘገበ ኩባንያ፣ የታወቀ ቢሮ፣ የሚሠራ ድረ ገጽ ነበረው። በኢንተርኔት የስልክ አገልግሎት እሸጣለሁ ይል ነበር፤ በእርግጥ የሚሸጠው ግን አዲስ ገቢዎች የሚያመጡትን ገንዘብ ለቀደሙት ማካፈል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ሲከሰው፣ በተለይ የታለሙት የብራዚልና የዶሚኒካን ስደተኞች እንደነበሩ ገለጸ። ለምን ስደተኞች? ስደተኛ ባንክን አያምንም፣ የአገሩን ልጅ ግን ያምናል። የአገሩ ልጅም ተንኮለኛ አልነበረም፤ እሱም አምኖ ገብቶ፣ የመጀመሪያዋን ትርፍ ቀምሶ፣ ወንድሙን ጠርቶ ነው። «የአክስቴ ልጅ ተጠቅማበታለች» የሚለው ምስክርነት ከንቱ የሚሆነው ለዚህ ነው። በእንዲህ ያለ ማጭበርበር መጀመሪያ የገቡት በእርግጥ ይከፈላቸዋል። የአክስት ልጅ አልዋሸችም። እሷ ማጥመጃ መሆኗን አታውቅም።

ፊት አከራዮች

የዚህ ጽሑፍ ዋና ጠብ ግን ከአክስት ልጆች ጋር አይደለም። ፊታቸውን ከሚያከራዩ ጋር ነው። በዩቲዩብና በቲክቶክ መቶ ሺህ ተከታይ አላቸው፤ አንዳንዶቹ አርቲስት ናቸው፣ አንዳንዶቹ ጋዜጠኛ ነን ይላሉ፣ አንዳንዶቹ መስቀል ይዘው ያስተምራሉ። በንግግራቸው መሃል ድምፃቸውን ሳይቀይሩ «ወገኖቼ፣ እኔ ራሴ የምጠቀምበት ነው» ብለው አንድ አድራሻ ያነባሉ። ገጹ ከተዘጋ፣ ገንዘቡ ከጠፋ በኋላ ደግሞ «እኔ ማስታወቂያ ነው ያነበብኩት» ይላሉ። እንዲህ ያለ ነገር ከአባቶቻችን ፊት ቢቀርብ ምን ይባል ነበር? «አውቀዋለሁ፣ ሐቀኛ ነው» ብሎ በሸንጎ የመሰከረ ሰው፣ ሰውየው ሲጠፋ ከበላተኛው ጋር ይቆጠራል።

በሕግ እንደማይያዙ አውቃለሁ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1920 ዋስ የሆነ ሰው ባለዕዳው ባይፈጽም ግዴታውን እሱ ይፈጽማል ይላል፤ በቁጥር 1922 ግን ዋስትና በግልጽ ካልተሰጠ በግምት አይታሰብም ይላል። ፊት አከራዩ የሚያመልጠው በዚህችው ቀዳዳ ነው፦ ዋስ የመሆንን ጥቅም ሁሉ ይወስዳል፣ ዋስ ነኝ የሚለውን ቃል ብቻ አይናገርም። ሌላው ዓለም ቀዳዳዋን ማጥበብ ጀምሯል። በ2022 የአሜሪካው የአክሲዮን ገበያ ኮሚሽን ኪም ካርዳሺያንን አንድ የክሪፕቶ ምርት ስታስተዋውቅ 250,000 ዶላር እንደተከፈላት ባለመናገሯ 1.26 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሏታል። ለእኛ ግን ኮሚሽን እስኪመጣልን መጠበቅ አያስፈልግም። ተመልካቾቻቸው እኛ ነን። ማስታወቂያ ባነበቡ ቁጥር ሦስት ነገር እንጠይቃቸው፦ ስንት ተከፈለህ? የባለቤቱን ስምና ፈቃድ አይተሃል? ገጹ ቢክድ የተከፈለህን ለተጎዱት ትመልሳለህ? ሦስተኛውን እሺ ያለ ሰው ዋስ ነው፤ እናክብረው። ዝም ያለውን እንዝጋው።

ከእነሱ ቀጥሎ ተወቃሾች መሥሪያ ቤቶቻችንና ማኅበሮቻችን ናቸው። የመንግሥት ቢሮ ሆኖ ደብዳቤ በጂሜይል አድራሻ የሚቀበል፣ ድረ ገጹ ሳምንት ሲዘጋ ማስታወቂያ የማያወጣ፣ የክፍያ መመሪያውን ቴሌግራም ላይ ብቻ የሚለጥፍ ስንት ነው? የስደተኛ ማኅበር ሆኖ መዋጮ በሊቀ መንበሩ የግል ዜል የሚሰበስብ ስንት ነው? ሰዎቹ ሌቦች አይደሉም። ነገር ግን ሐቀኛው እንደ ሌባ ሲሠራ፣ ሕዝቡ የሌባን ምልክት እንደ ተራ ነገር ይለምደዋል። ከዚያ በኋላ «በግል ሒሳብ አትላኩ» ብሎ መምከር ማላገጥ ነው።

ነውሩ የማን ነው?

ሌባው ከሁሉም በላይ የሚተማመነው በነውራችን ነው። የተጭበረበረች ሴት ለቤተሰቧ አትናገርም፤ ብትናገር «ስግብግብ ስለሆንሽ ነው፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ትባላለች። ይህ ተረት በብዙዎቹ ላይ ሐሰት ነው። የእናቱን የቪዛ ክፍያ በሐሰተኛ ገጽ የከፈለ ልጅ ምን ጎመጀ? ለእህቷ ሥራ የፈለገች ምን ሰረቀች? «ያልተማሩ ሽማግሌዎች ናቸው የሚታለሉት» የሚለውም ሐሰት ነው፤ ለአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ከሚያመለክቱት መካከል «ገንዘብ አጣሁ» በማለት ከሰባዎቹ ዕድሜ ይልቅ በሃያዎቹ ያሉት ይበልጣሉ። ለዚሁ ኮሚሽን በ2024 ብቻ የተመለከተው ኪሳራ 12.5 ቢሊዮን ዶላር ነው። ይህን ያህል ገንዘብ የጠፋው በስግብግቦች ብቻ ነው የሚል ሰው ይኖራል?

ዝምታው ደግሞ ሁለተኛ ሌባ ይጠራል። አንድ ጊዜ የተጭበረበሩ ሰዎች ስም ዝርዝር ይሸጣል፤ ከዚያ «ገንዘብዎን እናስመልሳለን፣ በቅድሚያ የአገልግሎት ክፍያ ብቻ» የሚል ሌላ ያማረ ገጽ ይመጣል። ብቻዋን የምታለቅስ ሴት ሁለተኛ ትበላለች። ለአንድ ሰው ብትናገር ኖሮ አትበላም ነበር።

አባቶቻችን ሌባ ሻይ ብቻ አልነበራቸውም፤ አፈርሳታም ነበራቸው። ነገር ሲጠፋ አገሬው በሙሉ ይሰበሰባል፤ ያየ የሰማውን እስኪናገር ድረስ ጉባኤው አይበተንም። አፈርሳታም ጉድለት ነበረው፤ በቂም ንጹሕ ሰው የሚያስወነጅሉ ነበሩ። እኔ የምፈልገው አንድ ነገሩን ነው፦ የጠፋው የአንድ ሰው ነገር የሁሉም ጉዳይ መሆኑን። በየእድሩ፣ በየማኅበሩ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ በወር አንዴ «ምን ደረሰባችሁ?» የሚባልበት አሥር ደቂቃ ይኑር። የገጹ አድራሻ፣ ገንዘቡ የወጣበት በርና ቀኑ ይነገር፤ ማስረጃ ያለው ይያዝ፣ ሐሜት ይቅር። ለፖሊስና ለተቆጣጣሪው ለማመልከት እንግሊዝኛ ወይም ዐረብኛ የሚችል ልጅ ይመደብ።

«ይህ ሁሉ ክሬዲት ካርድ ላለው ለዋሽንግተን ሐበሻ ነው፤ ሪያድ በሰው ቤት ለምትሠራ ልጅ ምን ይረባታል?» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው፤ የእሷ ባንክ ዋስ አይሆናትም። ለእሷ የተጻፈው ሌላ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የመግቢያ ቪዛንና የደርሶ መልስ ቲኬት ወጪን በአሠሪው ላይ ጥሏል፤ ኤጀንሲውንም ለሠራተኞች መብት ዋስትና የሚሆን ገንዘብ በዝግ ሒሳብ እንዲያስቀምጥ አስገድዷል። ዋስትና የሚለው ቃል እዚያም አለ። እንግዲህ «ለቪዛ ቅድሚያ ላኪ» የሚላት ድረ ገጽ የአሠሪውን ዕዳ በእሷ ላይ እየጫነ ነው፤ ኤጀንሲ ነኝ ካለም ፈቃዱንና ያስያዘውን ዋስትና ትጠይቀው። ማወቅ ያለባት ቀጭን የኮምፒውተር ጥበብ ሳይሆን ይህችን አንዲት ነገር ነው።

ሌላው ደግሞ «ይህን ያህል ከተጠራጠርን የወገናችን አዲስ ንግድ እንዴት ያድጋል?» ይላል። ይህ ክርክር ተገልብጧል። ዛሬ የወገናችንን ንግድ የሚገድለው ጥርጣሬያችን አይደለም፤ መጠርጠር ያለበትን ካልተጠረጠረው የምንለይበት መንገድ ማጣታችን ነው። አንዴ የተቃጠለ ሰው ሐበሻ የሚሸጠውን ሁሉ ይሸሻል። በርበሬ ሻጯ ስሟን፣ ምዝገባዋን፣ ስልኳን ብትጽፍ፣ ካርድ ብትቀበል፣ ዕቃው ካልደረሰ እመልሳለሁ ብላ በጽሑፍ ብታኖር፣ ከአጭበርባሪው የምትለየው በዚሁ ነው። የካርድ አገልግሎት ከሽያጯ ጥቂት በመቶ ይወስድባታል፤ ያ የዋስነት ዋጋ ነው። ገዢው ይህን ሲጠይቃት አትቀየም። ዕቁብ ላይ ማን ይቀየማል?

ስለዚህ «ይህ ድረ ገጽ ይታመናል ወይ?» የሚል ወዳጅ ሲመጣባችሁ ቁልፍ አትፈልጉለት፣ ነጥብ አታስሉለት፣ ተረትም አትተርቱበት። «አባቱ ማን ነው? ፈቃዱን ማን ሰጠው? ገንዘብህ በየት በር ይወጣል? ቢክድህ ማን ይከፍልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ለአራቱ መልስ ካገኘ ይግዛ። ካላገኘ ገንዘቡን ኪሱ ያቆየው፤ ቲኬቱም ሥራውም ምንዛሬውም ዋስ ካለው ሰው ዘንድ ይገኛል፣ ትንሽ ቢወደድም።